የሳንባ ደም ሥር መዘጋትና የሐኪሙ ሚዛን
ስለ አንድ ድንገተኛ ሕመም ለነጋዴዎችና ለመንገደኞች የቀረበ

ከአዲስ አበባ ተነሥቶ በደብረ ብርሃን፣ በጣርማ በር፣ በኮምቦልቻና በደሴ አድርጎ ወደ ሰሜን የሚዘልቀው አውራ ጎዳና ለወሎ ንግድ ዋና የደም ሥር መሆኑ ከማንም የተሰወረ አይደለም። ከደሴ 30 ኪሎ ሜትር ያህል ርቃ በሐይቁ አጠገብ የምትገኘው የሐይቅ ከተማ፣ ከእርሷም ወዲያ በአምባሰል ወረዳ ያለችው ውጫሌ ጨው፣ ስኳር፣ ጨርቃ ጨርቅና የቤት ዕቃ የሚደርሳቸው፣ እህላቸውና ከብታቸውም ወደ ሩቅ ገበያ የሚወጣላቸው በዚሁ መንገድ ነው። በክረምት ናዳ ወርዶ መንገዱን የዘጋው እንደ ሆነ፣ ከናዳው ወዲህ ያሉት የጭነት መኪናዎች ተሰልፈው ይቆማሉ፤ ከናዳው ወዲያ ያለው ሱቅ ግን መደርደሪያው ባዶ ይሆናል። ዕቃው አለ፣ ገዢውም አለ፣ የሚያገናኛቸው መንገድ ግን የለም።

በሰው ገላ ውስጥም እንዲሁ ያለ መንገድና እንዲሁ ያለ ናዳ ይገኛል። መንገዱ ከልብ ወደ ሳንባ የሚሄደው የደም ሥር ነው፤ ናዳው ደግሞ ብዙውን ጊዜ ከእግር ተነሥቶ የሚመጣ የረጋ ደም ነው። ይህ የረጋ ደም የሳንባውን ደም ሥር በዘጋ ጊዜ፣ ሕመምተኛው አየር ወደ ሳንባው ቢያስገባም ደሙ ወደ አየሩ መድረስ አይችልም። መዘጋቱ ጥቂት ከሆነ ሰውየው ትንፋሽ ያጥረዋል፤ ብዙ ከሆነ ግን ልብ የሚገፋው መንገድ ሲያጣ ይደክምና ሰውየው በጥቂት ጊዜ ውስጥ ሊሞት ይችላል። ሐኪሞች ይህንን ሕመም ፑልሞናሪ ኢምቦሊዝም ይሉታል።

ይህ ጉዳይ በንግድ ጋዜጣ ላይ መጻፉ የሚያስገርመው አንባቢ ይኖር ይሆናል። ነገር ግን በአገራችን ብዙው የንግድ ቤት በአንድ ሰው ትከሻ ላይ የቆመ ነው። ለማን በዱቤ እንደ ተሰጠ፣ ከማን ምን ያህል እንደሚፈለግ፣ በባንክ የተከፈተው ሌተር ኦፍ ክሬዲት መቼ እንደሚያልፍበት፣ በመዝገብ ከተጻፈው ይልቅ ባለቤቱ በቃሉ የያዘው ይበልጣል። ይህ ሰው ጠዋት ደኅና ውሎ ከቀትር በኋላ ትንፋሽ አጥሮት የወደቀ እንደ ሆነ፣ ቤተ ሰቡ አባቱን፣ ሱቁም መዝገቡን በአንድ ቀን ያጣሉ። ከዚህም ሌላ፣ ለብዙ ሰዓት ተቀምጦ መጓዝ የነጋዴ ዕጣ በመሆኑ፣ ይህንን ሕመም ማወቅ ከማንም ይልቅ ለነጋዴው ይጠቅመዋል።

የሕመሙ አመጣጥ

ደም በሰውነታችን ውስጥ በሁለት ዐይነት መንገድ ይመላለሳል። ደም ቅዳ የሚባለው ደምን ከልብ ይዞ ይወጣል፤ ደም መልስ የሚባለው ደግሞ ወደ ልብ ይመልሰዋል። ከእግር የሚመለሰው ደም ሽቅብ የሚወጣ ስለ ሆነ የሚገፋው ኀይል ያስፈልገዋል፤ ይህንንም ኀይል በብዛት የሚሰጠው የባት ጡንቻ ነው። ሰው በተራመደ ቁጥር ባቱ እየተኮማተረ ደሙን ወደ ላይ ይገፋል። እግሩ ሳይንቀሳቀስ ብዙ ጊዜ ሲቆይ ግን ደሙ በጥልቁ ደም መልስ ውስጥ እየተንቀራፈፈ ሊረጋ ይችላል። የረጋው ደም በዚያው ተጣብቆ ሲቀር እግሩን ያሳብጠዋል፤ ከፊሉ ተቆርጦ የሄደ እንደ ሆነ ግን በልብ የቀኝ ክፍል አልፎ ሳንባ ውስጥ ገብቶ ይሰካል።

በ19ኛው መቶ ዓመት አጋማሽ ሩዶልፍ ፊርኮ የተባሉት ጀርመናዊ ሐኪም በሳንባ የሚገኘው የረጋ ደም ከሌላ ቦታ ተነሥቶ የሚመጣ መሆኑን አስረዱ። በስማቸው የሚጠሩት ሦስቱ ምክንያቶች ዛሬም ለሕክምና ተማሪዎች ይነገራሉ፤ እነዚህም የደም መንቀራፈፍ፣ የደም ሥር ግድግዳ መጎዳትና የደሙ ራሱ ለመርጋት መፍጠን ናቸው። እግሩ ተሰብሮ ጀሶ የታሰረለት፣ ትልቅ ቀዶ ሕክምና ተደርጎለት አልጋ ላይ የቆየ፣ ካንሰር የያዘው፣ ነፍሰ ጡር የሆነች፣ በቅርቡ የወለደች፣ ኤስትሮጅን ያለበት የወሊድ መከላከያ እንክብል የምትወስድ፣ ከዚህ በፊትም ደም ረግቶበት የነበረ ሰው ሁሉ ከሦስቱ በአንዱ ወይም በሁለቱ ምክንያት ለአደጋው የቀረበ ነው።

መቀመጥ ብቻውን ምን ያህል እንደሚጎዳ ያስተማረው አንዱ ታሪክ የተገኘው በለንደን ከተማ ነው። እ.ኤ.አ. በ1940 የጀርመን አይሮፕላኖች ከተማይቱን በቦምብ ይደበድቡ በነበረበት ጊዜ ሕዝቡ በመጠለያ ውስጥ በሸራ ወንበር ላይ ተቀምጦ ሌሊቱን ያሳልፍ ነበር። ኪት ሲምፕሰን የተባሉት ሐኪም፣ ከቦምቡ ያመለጡ ሰዎች በሳንባ ደም ሥር መዘጋት መሞታቸው እንደ በዛ አስተውለው በዚያው ዓመት ላንሴት በተባለው የሕክምና መጽሔት ጻፉ። የወንበሩ ጠርዝ ከጉልበት በታች እየተጫነ የደሙን መንገድ ስላጠበበው፣ በወንበሩ ፈንታ የሚተኛበት አልጋ እንዲዘረጋ ተመከረ።

የአይሮፕላንና የረጅም መኪና ጉዞም በዚሁ መልክ ተመርምሯል። የዓለም የጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2007 ባወጣው የጥናት ውጤት፣ 4 ሰዓትና ከዚያ በላይ ተቀምጦ መጓዝ የደም መርጋትን አደጋ ወደ እጥፍ ያህል እንደሚያሳድገው ገለጸ። ይህ በአይሮፕላን ብቻ ሳይሆን በአውቶቡስ፣ በባቡርና በመኪናም ጭምር ነው። ይሁን እንጂ አንባቢ ያለ ልክ መሥጋት አይገባውም፤ ከ4 ሰዓት በላይ በአይሮፕላን ከሚጓዙ ጤነኞች መካከል ይህ የሚደርስበት ከ6,000 አንድ ያህል መሆኑን ያው ጥናት ያስረዳል። ከአዲስ አበባ ወደ ጓንግዙ ዕቃ ሊገዛ የሚሄድ አስመጪም ሆነ ከሐይቅ ወደ አዲስ አበባ ቀኑን ሙሉ በአውቶቡስ የሚውል ባለሱቅ፣ ጉዞውን ይተው የሚባል አይደለም። ነገር ግን ከጉዞው በኋላ ባሉት ሳምንታት አንድ እግሩ ቢያብጥ ወይም ትንፋሹ ድንገት ቢያጥር፣ ጉዞውን ለሐኪሙ ሳይናገር መቅረት የለበትም።

ስለ ምን ያሳስታል?

የዚህ ሕመም ክፋቱ የራሱ የሆነ መልክ የሌለው መሆኑ ነው። አንዱ ድንገት ትንፋሽ ያጥረዋል፤ ሌላው አየር ወደ ውስጥ በሳበ ጊዜ ጎኑን ይወጋዋል፤ ሌላው ደም የቀላቀለ አክታ ይተፋል፤ ሌላው ደግሞ ራሱን ስቶ ይወድቃል። እነዚህ ሁሉ ግን በሳንባ ምች፣ በአስም፣ በልብ ሕመም፣ አልፎ አልፎም በጡንቻ መሸማቀቅ ይመጣሉ። በየሰፈሩም «ብርድ ነው»፣ «ምች ነው» ተብሎ ቀኑ ያልፋል። አንዳንዱ ያበጠ ባቱን ወለምታ መስሎት ወደ ወጌሻ ይሄዳል፤ ወጌሻው የአጥንትና የመገጣጠሚያ ሙያ ቢኖረውም፣ በውስጡ ደም የረጋበትን እግር ማሸት የረጋውን ደም ከቦታው ሊያስነሣው ስለሚችል የሚያሰጋ ነገር ነው። ሳይወድቅና ሳይጋጭ አንድ እግሩ ብቻ ያበጠበት ሰው ከመታሸቱ በፊት ሐኪም ሊያየው ይገባል።

እንግዲህ የድንገተኛ ክፍል ሐኪም በየቀኑ ትንፋሽ ያጠረውና ደረቱን የሚወጋው ብዙ ሰው ይመጣበታል። የሳንባውን ደም ሥር አጣርቶ የሚያሳየው መሣሪያ፣ በደም ሥር ቀለም እየተሰጠ የሚነሣው ሲቲ ስካን ነው። ሁሉም በሲቲ ስካን ይታይ ቢባል፣ ዋጋው ከባድ ነው፣ ጨረሩ ብዙ ነው፣ ቀለሙም ኩላሊቱ ለደከመ ሰው ሊጎዳ ይችላል፤ መሣሪያውም በየከተማው አይገኝም። ሁሉም ወደ ቤቱ ይሂድ ቢባል ደግሞ፣ ከመካከላቸው አንዱ በዚያው ሌሊት ሊሞት ይችላል። ስለዚህ ሐኪሙ ከመሣሪያው በፊት አንድ ሚዛን ያስፈልገዋል።

እንደ ጉምሩክ ሦስት መስመር

ይህ ሚዛን ለአስመጪው እንግዳ አይሆንበትም። ጉምሩክ የሚገባውን ኮንቴይነር ሁሉ ፈትቶ አይፈትሽም፤ እንደ ሥጋቱ መጠን አንዱን በአረንጓዴ መስመር ያሳልፋል፣ የአንዱን ሰነድ በቢጫ መስመር ይመረምራል፣ አንዱን ግን በቀይ መስመር አስገብቶ ዕቃውን ያያል። የሐኪሞቹም አሠራር በመሠረቱ ከዚህ የራቀ አይደለም።

አረንጓዴውን መስመር የሚመስለው ደንብ እ.ኤ.አ. በ2004 በአሜሪካዊው የድንገተኛ ሕክምና ሐኪም በጄፍሪ ክላይንና በባልደረቦቻቸው የተዘጋጀው ነው። ደንቡ የሚሠራው ሐኪሙ ሕመምተኛውን አይቶ ጥርጣሬው አነስተኛ መሆኑን ካመነ በኋላ ብቻ ነው። ከዚያም 8 ነገሮች ይታያሉ፤ ዕድሜው ከ50 ዓመት በታች መሆኑ፣ የልብ ትርታው በደቂቃ ከ100 በታች መሆኑ፣ በደሙ ውስጥ ያለው የኦክሲጅን መጠን ከመቶ 95 ወይም ከዚያ በላይ መሆኑ፣ ደም አለመትፋቱ፣ ኤስትሮጅን ያለበት መድኃኒት አለመውሰዱ፣ ቀደም ሲል ደም ረግቶበት አለማወቁ፣ አንድ እግሩ አለማበጡ፣ በ4 ሳምንት ውስጥ ሆስፒታል የሚያስተኛ ቀዶ ሕክምና ወይም ጉዳት አለማግኘቱ። ስምንቱም የተሟሉለት እንደ ሆነ ለዚህ ሕመም ሌላ ምርመራ አያስፈልገውም።

ለምሳሌ አንድ የ34 ዓመት ባለሱቅ ኩንታል ሲያነሣ ውሎ ማታ ደረቱን ወጋው እንበል። ትርታው 82፣ ኦክሲጅኑ ከመቶ 97 ነው፤ ከሌሎቹም ምልክቶች አንዱ የለበትም። ሐኪሙ ደረቱን በእጁ ሲጫነው ሕመሙ ከጡንቻው መሆኑ ይታወቃል። ይህ ሰው በአረንጓዴ መስመር ያለ ነው፤ ገንዘቡንና ጊዜውን ሳያባክን ወደ ቤቱ ይሄዳል።

በዚህ ደንብ ላይ ግን የወሎ ሐኪም የሚያስብበት አንድ ነገር አለ። ደሴ ከባሕር ወለል በላይ 2,500 ሜትር ግድም ከፍታ ያላት ከተማ ናት፤ ሐይቅም ደጋማ ናት። ሰው ወደ ከፍታ በወጣ መጠን ጤነኛ ቢሆንም እንኳ በደሙ ያለው ኦክሲጅን ጥቂት ዝቅ ሊል ይችላል። ስለዚህ በቆላ አገር የተወሰነው የ95 ልክ በደጋ ሰው ላይ ሲነበብ፣ የአገሩን ከፍታ ያገናዘበ ዐይን ያስፈልጋል።

ቢጫውንና ቀዩን መስመር የሚለየው ደግሞ ፊሊፕ ዌልስ የተባሉት የካናዳ ሐኪምና ባልደረቦቻቸው እ.ኤ.አ. በ2000 ያወጡት የነጥብ ሒሳብ ነው። ይህም እንደ ደረሰኝ መሥመር በመሥመር የሚደመር ነው። በእግር ላይ የደም መርጋት ምልክት ማለትም ማበጥና በጥልቁ ደም ሥር ላይ ሲነኩት ማመም ካለ 3 ነጥብ፤ ሐኪሙ ከሌላው ሕመም ሁሉ ይልቅ ይህኛው ይመስላል ብሎ ካመነ 3 ነጥብ፤ ትርታው ከ100 በላይ ከሆነ 1.5፤ 3 ቀንና ከዚያ በላይ ሳይንቀሳቀስ ከቆየ ወይም በ4 ሳምንት ውስጥ ቀዶ ሕክምና ከተደረገለት 1.5፤ ቀደም ሲል ደም ረግቶበት ከነበረ 1.5፤ ደም ከተፋ 1፤ ካንሰር ካለበት 1 ይያዝለታል። ድምሩ ከ4 የማይበልጥ ከሆነ ሕመሙ የመኖሩ ነገር አጠራጣሪ ነው፤ ከ4 ከበለጠ ግን የመኖሩ ነገር ያመዝናል።

ልብ ሊባል የሚገባው፣ የአይሮፕላን ወይም የአውቶቡስ ጉዞ በዚህ ዝርዝር ውስጥ ራሱን የቻለ ነጥብ የሌለው መሆኑ ነው። ሆኖም ሐኪሙ «ይህኛው ይመስላል» ብሎ 3 ነጥብ የሚሰጠው የሕመምተኛውን ታሪክ ሰምቶ ስለ ሆነ፣ ያልተነገረው ጉዞ ከሒሳቡ የጎደለ መረጃ ይሆናል።

ሁለት ሰዎችን እናስተያይ። አንዲት የ42 ዓመት ነጋዴ ከትናንት ጀምሮ ትንፋሽ አጠረኝ ብላ መጣች፤ ትርታዋ 108 ነው፤ ሌላ ምልክት የላትም፤ ሐኪሙም የሳንባ ምች ይሆናል የሚለው ሐሳብ ይበልጥበታል። ድምሯ 1.5 ነው። በአረንጓዴው እንዳታልፍ ትርታዋ ከልኬታው በልጧል፤ ወደ ቀዩም የሚወስዳት የለም። በቢጫው መስመር ሆና ዲ-ዳይመር የሚባለው የደም ምርመራ ይደረግላታል። ሁለተኛው በጭነት መኪና ላይ የሚሠራ ረዳት ነው፤ ከሁለት ሳምንት በፊት እግሩ ተሰብሮ በጀሶ ታስሮ ተኝቶ ቆይቷል። ዛሬ ድንገት ትንፋሽ አጠረው፤ ትርታው 115 ነው፤ ከጀሶው በላይ ያለው ጭኑ አብጦ ሲነኩት ያመዋል፤ ሌላም ምክንያት አልተገኘለትም። 3፣ 3፣ 1.5 እና 1.5 ሲደመር 9 ይሆናል። ይህ ሰው በቀይ መስመር ያለ ነው፤ የደም ምርመራው ውጤት ምንም ቢሆን በሲቲ ስካን መታየት አለበት።

ዲ-ዳይመር የረጋ ደም ሲሟሟ በደም ውስጥ የሚገኝ ነገር ነው። ጥቅሙ ሕመሙ የለም ለማለት እንጂ አለ ለማለት አይደለም። ልኩ ከ500 ናኖግራም በሚሊ ሊትር በታች ሲሆን፣ በቢጫ መስመር ያለውን ሰው ሊያሰናብተው ይችላል። ከልኩ በላይ ቢወጣ ግን በቁስል፣ በእርግዝና፣ በሌላ ሕመምና በእርጅናም ከፍ ስለሚል፣ ሲቲ ስካን ማስፈለጉን ብቻ ያመለክታል። ስለ እርጅናው እ.ኤ.አ. በ2014 የታተመ ጥናት፣ ከ50 ዓመት በላይ ለሆነው ሰው ዕድሜውን በ10 አባዝቶ ልኩን መወሰን እንደሚቻል አሳይቷል። በዚህም መሠረት ለ70 ዓመት አዛውንት ልኩ 700 ይሆናል፤ ብዙ ሽማግሌዎችም ካላስፈላጊ ምርመራ ይድናሉ።

ነፍሰ ጡሮችና አራሶች ግን በእነዚህ ደንቦች ብቻ አይመዘኑም፤ ደንቦቹ የተዘጋጁት በሌላ ሰው ላይ ነውና። ከወሊድ በኋላ ያሉት 6 ሳምንታት የደም መርጋት አደጋ እጅግ ከፍ የሚልባቸው ናቸው። በወሎ ክርስቲያኑም ሙስሊሙም አራስን አክብሮ ያሳርፋል፤ ይህ መልካም ልማድ ነው። ማረፍ ማለት ግን ከአልጋ አለመነሣት አይደለም፤ አቅሟ የፈቀደላት አራስ በቤት ውስጥ ብትንቀሳቀስ ይጠቅማታል። አንድ እግሯ ያበጠ ወይም ትንፋሽ ያጠራት አራስ ደግሞ ክርስትናው ወይም ድግሱ እስኪያልፍ ሳትጠብቅ ሐኪም ዘንድ መድረስ አለባት።

ሁለተኛው ሚዛን

ሕመሙ መኖሩ ከታወቀ በኋላ ሌላ ጥያቄ ይነሣል፤ ይኸውም ይህ ሰው ምን ያህል ለሞት ቀርቧል የሚል ነው። ለዚህም ሐኪሞች 6 ነገሮችን ይመለከታሉ፤ ዕድሜው ከ80 ዓመት በላይ ነውን? ካንሰር አለበትን? የቆየ የልብ ወይም የሳንባ ሕመም አለበትን? ትርታው 110 ወይም ከዚያ በላይ ነውን? የላይኛው የደም ግፊቱ ከ100 በታች ነውን? ኦክሲጅኑ ከመቶ 90 በታች ነውን? አንዱም የሌለበት ሰው አደጋው አነስተኛ ነው፤ ሌላው ሁኔታው ከተመቸም መድኃኒቱን ይዞ በቅርብ እየታየ ሊታከም ይችላል። አንዱ እንኳ ያለበት ግን በሆስፒታል ሆኖ መጠበቅ ይገባዋል። የደም ግፊቱ ከ90 በታች ወርዶ የማይነሣ ከሆነ፣ ልቡ በመዘጋቱ ተሸንፏል ማለት ስለ ሆነ፣ የረጋውን ደም የሚያሟሟ ኀይለኛ መድኃኒት በአስቸኳይ ያስፈልገዋል።

ሕክምናው የተረጋገጠው በከባድ ዋጋ ነው። ደም እንዳይረጋ የሚያደርገው ሄፓሪን እ.ኤ.አ. በ1916 በአሜሪካ ተገኘ። እ.ኤ.አ. በ1960 ባሪትና ጆርዳን የተባሉት የእንግሊዝ ሐኪሞች የዚህን መድኃኒት ጥቅም በ35 ሕመምተኞች ላይ ፈተኑ። መድኃኒቱን ካላገኙት 19 ሰዎች 5ቱ በዚሁ ሕመም ሞቱ፤ ካገኙት 16 ሰዎች ግን በዚህ ሕመም የሞተ አልነበረም። ከዚያ ወዲህ መድኃኒቱን መከልከል የማይገባ ሆነ። ዛሬ ከሄፓሪን ሌላ ዋርፋሪንና ሌሎች የሚዋጡ መድኃኒቶች አሉ፤ ሕክምናውም ቢያንስ 3 ወር ይቆያል።

የሐይቅ ሰው ሲታመም

ይህ ሁሉ ለሐይቅና ለአምባሰል ሰው ምን ይጠቅመዋል? ሕመምተኛው በመጀመሪያ የሚደርሰው በአቅራቢያው ወዳለው ጤና ጣቢያ ወይም ሆስፒታል ነው፤ ሲቲ ስካን የሚያስፈልገው ከሆነ ወደ ትልቁ ሆስፒታል ይላካል። በዚህ መካከል ጊዜ አለ፣ መንገድ አለ፣ የመኪና ወጪም አለ። ሚዛኑ ዋጋ የሚያገኘው እዚህ ላይ ነው። ለነጥቡ ሒሳብ የሚያስፈልጉት ጥያቄ፣ ትርታ የሚቆጥር ሰዓት፣ እግርን የሚያይ ዐይንና በጣት ጫፍ የሚሰካ ትንሽ የኦክሲጅን መለኪያ ናቸው። መሣሪያው ሩቅ ቢሆንም ሚዛኑ ቅርብ ነው። 9 ነጥብ ያገኘው ረዳት ሳይዘገይ መላክ እንዳለበት በሐይቅ ሆኖ ይታወቃል፤ ጥርጣሬው ከፍ ያለ ሆኖ የመድማት ሥጋት ከሌለበትም ሐኪሙ ሲቲ ስካኑ እስኪደርስ ሳይጠብቅ መድኃኒቱን ሊጀምርለት ይችላል። ደረቱን ጡንቻ የያዘው ባለሱቅም ደሴ ድረስ ተመላልሶ ገንዘቡን እንዳይከስር በዚያው ይታወቅለታል።

ነገር ግን ጉምሩክ መስመሩን የሚለየው ባለዕቃው በሞላው ዲክላራሲዮን መሠረት እንደ ሆነ ሁሉ፣ ሐኪሙም የሚመዝነው የተነገረውን ነው። በጉምሩክ የተደበቀ ዕቃ ቅጣት ያመጣል፤ በሐኪም ፊት የተደበቀ ታሪክ ግን ነፍስ ሊያስከፍል ይችላል። አንዳንዱ ሰው ካንሰሩን ለማንም አልነገረም፤ አንዳንዷ ሴት የምትወስደውን እንክብል በአጃቢዎቿ ፊት መናገር ታፍራለች፤ አንዳንዱ ነጋዴ ከሩቅ አገር ትናንት መመለሱ ለሐኪሙ የሚጠቅም አይመስለውም። አጃቢዎቹ ለሐኪሙ ቦታ ቢለቁ፣ ሕመምተኛው ብቻውን ሊናገር የሚችለውን ይናገራል።

ስለዚህ በየንግድ ቤቱ መሳቢያ ውስጥ ባለቤቱንና ሠራተኞቹን የሚመለከት አንድ ወረቀት ቢቀመጥ ታላቅ ጥቅም አለው። በወረቀቱም ላይ ሰውየው የሚወስዳቸው መድኃኒቶች፣ ያደረጋቸው ቀዶ ሕክምናዎች ከነቀናቸው፣ ከዚህ በፊት ደም ረግቶበት እንደ ሆነ፣ ያለበት የቆየ ሕመም፣ የመጨረሻው ረጅም ጉዞ የተደረገበት ቀን ይጻፍ። በድንገት የወደቀ ሰው ራሱ መናገር ባይችል ወረቀቱ ይናገርለታል። ወረቀቱ የሰው ምሥጢር ያለበት ስለ ሆነ ታሽጎ ይቀመጥ፤ ሕመም ሲመጣ ብቻ ይከፈት።

መንገደኛውም በየሁለት ሰዓቱ መኪናው ሲቆም ወርዶ ጥቂት ቢራመድ፣ በአይሮፕላን ውስጥም ቁርጭምጭሚቱን እያጠፈና እየዘረጋ ባቱን ቢያሠራ፣ ውኃ ቢጠጣ ይበጀዋል። ቀድሞ ደም ረግቶበት የሚያውቅ ወይም በቅርቡ ቀዶ ሕክምና የተደረገለት ሰው ደግሞ ትኬቱን ከመቁረጡ በፊት ሐኪሙን ይጠይቅ። መድኃኒት የታዘዘለት ሰው «ደኅና ሆኛለሁ»፣ «ወደ ዱባይ ልሄድ ነው» ብሎ ከቀኑ በፊት እንዳያቆመው፣ ለራስ ምታትና ለወገብ ሕመም የሚሸጡትንም እንክብሎች ሐኪሙን ሳይጠይቅ እንዳይጨምርበት ይገባል፤ ከእነዚህ አንዳንዶቹ የመድማትን አደጋ ያበዛሉና።

በክረምት መንገድ ሲዘጋ ባለሱቁ ዕቃው የት እንደ ቆመ ለማወቅ ሹፌሩን ይጠይቃል፤ ሹፌሩም ያየውን ሳይደብቅ ይነግረዋል፤ ናዳውም ይጠረጋል። በሕመሙም ጊዜ ሕመምተኛውና አጃቢው ለሐኪሙ እንዲሁ ቢያደርጉለት፣ ከሐይቅ እስከ ደሴ ያለው 30 ኪሎ ሜትር ለብዙ ሰው የመዳን መንገድ ይሆንለታል።